ከጣቢያው እስከ ፍርድ ቤቱ

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ የመቶ አለቃ ሥዩም ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሽማግሌ ይዘሽ ነይ ብለው አሰናበቷት። አሰለፈች ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ። አባቷ አቶ ደምሌ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከአንድ ባለርስት ጋር በግጦሽ መሬት ተጨቃጭቀው ታሰሩ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እናቷ ወይዘሮ ላቀች ሽማግሌ ሊለምኑ ሲወጡ ቤት ጠብቂ ብለዋት ነበር። እሷ ግን ከመምህሯ የተዋሰችውን መጽሐፍ በብብቷ ሸጉጣ መጣች። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ዳር ቆማ ስታነበው አንድ መስመር አገኘች፤ ከዚያ ወዲህ ልቧ አላረፈም።

«ጌታዬ፣ የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል» አለች።

የመቶ አለቃው ሣቁ። እሳቸውን የሾመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሆኑን፣ ለዚያ መንግሥት ሥልጣን የሚሰጠውም ይኸው መጽሐፍ መሆኑን ነገሯት።

«እውነት ነው፣ ይሰጣል» አለች። «ሰጥቶ ግን ወሰን ያበጅለታል። ማሰሩ የእርስዎ ነው፤ መፍረዱ የዳኛው።»

መጽሐፉን ተቀብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ድንገት ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ፍርድ ቤቱ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ከራቀ ጊዜው ሊራዘም ይችላል ይላል። ይህንንስ አይተሻል ወይ ብለው ጠየቋት።

አሰለፈች በመስኮቱ አሻግራ ተመለከተች። የፍርድ ቤቱ ቆርቆሮ ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ያብረቀርቃል። የመቶ አለቃውም ዞር ብለው አዩት። መጽሐፉን መለሱላትና ዘቡን ጠሩ።

ከቀትር በፊት አቶ ደምሌ ዳኛ ፊት ቆሙ። ዳኛው ነፃ ነህ አላሏቸውም፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን ቀጥረው እስከዚያው በዋስ ይውጣ አሉ። ወይዘሮ ላቀች ይዘዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ዋስ ሆኑ። አሰለፈች ደጅ ስትወጣ መሬቱን የምትረግጥ አልመሰላትም።

መንገድ ላይ አባቷ ፈገግ ብለው ሲያጫውቷት ቆዩ። ቀጥለው፣ እስር ቤቱ ውስጥ ሁለት የስማዳ ሰዎች መኖራቸውን ተናገሩ። ከታሰሩ ስምንት ቀን አልፏቸዋል፤ እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፤ ዳኛም አላዩም።

አሰለፈች ቆመች። እናቷ ሐሳቧ ገባቸውና የነጠላዋን ጫፍ ያዙ።

«የእኛው ወጥቷል፤ ተይ ልጄ።»

«አባባ፣ ስማቸው ማን ነው?»

አባቷ የሁለቱንም ስም ነገሯት። እንዳትረሳው በከንፈሯ ደገመችው። ወይዘሮ ላቀች ባላቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ ቀስ ብለው ነጠላውን ለቀቁት።