ሁለተኛው ምልክት

ሰውየው አጠገቧ ተቀመጠ።

ቀትር ነው። የመናኸሪያው መጠበቂያ ክፍል ከመጨናነቁ የተነሳ ግማሹ መንገደኛ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። የምስጢር ስሟ «ክር» ነው፤ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። ውስጡ ምሳ የለም። በረዶ አለ፤ በበረዶው መሃል አንዲት ብልቃጥ። በዓለም ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«ምሳ በልተሻል?» አላት ሰውየው፣ ፊቱን ሳያዞር።

የመጀመሪያው ምልክት ይሄ ነው። ትክክል። ሁለተኛውን ጠበቀች።

አልመጣም።

ሰውየው እጁን ወደ ምሳ ዕቃው ሰደደ።

«ተሳስተዋል መሰለኝ፤ አላውቅዎትም» ብላ ተነሳች። ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ከኋላዋ ኮቴውን ሰማች። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ምልክቶቹን የሚያውቁት እሷና ብልቃጧን የሰጧት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ብቻ ናቸው፤ ተረካቢው ሁለቱንም ከእሳቸው ሰምቶ መምጣት አለበት። ለስለላ የላካት አለቃዋ፣ «አጎት» የምትለው ሰው እንኳ አያውቃቸውም። እንዲህ ይሁን ያሉት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው።

መድኃኒት ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሻን መስላ ስትገባ፣ ስለ ቲ ሴል የምታውቀው በጥድፊያ ያጠናችውን ያህል ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎንብሰው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«እያት፣ ልጄ። የሰውነት ዘበኛ ናት። ላይዋን ተቀባዮች ሞልተውታል። ሌላ ሴል የጠላትን ስባሪ አምጥታ ስታሳያት በአንዱ ተቀባይ ለቀም ታደርገዋለች። ታዲያ የተነሳች ይመስልሻል?»

«አልተነሳችም?»

«ወይ ፍንክች! ያቺው ሴል ሁለተኛውንም ተቀባይ መንካት አለባት። ሁለቱም ሲመጡ መልእክቱ ከሽፋኗ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ካልሲየም ያጥለቀልቃታል፣ ትባዛለች፣ ትዘምታለች። የመጀመሪያው ብቻውን ከመጣ ግን ትደነዝዛለች። ከዚያ ወዲያ ብትጮሂባትም አትሰማሽ። እኔና አንቺም እንደሷ ብንሆን ይሻለናል።»

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይህን ሕግ ያፈርሳል። ሁለተኛውን ተቀባይ ጨምድዶ ዘበኞቹን በሙሉ ያለ ጠላት ያስነሳቸዋል። ጠላት ሲያጡ የሚወርዱት በገዛ ሰውነታቸው ላይ ነው። አንድ ቀለም ቀቢ ይህን ፈሳሽ ለሙከራ ተወግቶ ነበር። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እህቴ፣ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ» ሲላት ጨመረችለት። ደግማ ጨመረችለት። ሳይሞቀው ሞተ። ዛሬም አንድ ሰው «በረደኝ» ባለ ቁጥር ያ የጥርስ ድምፅ ይሰማታል።

ፋብሪካው በሞቱ አልደነገጠም፤ ገዢ ፈለገለት። ምንም መርዝ የማይገኝበት ሬሳ ፈላጊው ብዙ ነው። ሽማግሌው ከእሷ ጋር ያበሩት ያኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ፈሳሹን የሚያመነጩትን ሴሎች በገዛ እጃቸው ቀቀሏቸው። አንዲቷን ብልቃጥ ያተረፏት አጎት «ማርከሻ እንሠራባታለን» ብሎ ስለማለ ነው።

ስልኳ ጠራ።

«ስጪውና ገላግይን» አለ አጎት።

«ሰውየውን የላኩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ናቸው። ምልክቱን ንገሩን ብንላቸው ግማሹን ሳይደብቁን አልቀሩም። ገዢው እየጠበቀ ነው፤ ስጪና እሳቸውም በሰላም ቤታቸው ይግቡ።»

«ሸጥከን» አለችው። ስታገለግለው በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንቱ ብላዋለች። «ድምፃቸውን አሰማኝ።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ልጄ።»

«አቤት፣ ፕሮፌሰር።»

«ምሳ በልተሻል?»

ሁለተኛው ምልክት «ካፖርትሽን እንዳትረሺ» የሚል ተራ ነገር ነው። ይህን ካሏት ወጥታ ብልቃጧን ታስረክባለች፤ እሳቸውም ይተርፋሉ። ልትሰጥ ቆርጣለች።

አላሉም።

ሲተነፍሱ ትሰማቸዋለች።

«ሌላስ?» አለች። «ፕሮፌሰር፣ ሌላስ? እባክዎትን!»

«ሌላ የለም፣ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ረስተውት ነው ብላ ራሷን ልትደልል ሞከረች። ግን ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንዱ ብቻውን ከመጣ አትምጪ፣ አትስሚ፣ ጥፊ። አውቀው ነው የከለከሏት። ተናደደችባቸው፤ በጣም ተናደደችባቸው።

ወለሉን የምትወለውለው ሴት ቀና ብላ አየቻት። «ምነው እህቴ፣ መርዶ ነው?»

«አዎ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር።»

ሽማግሌው ገና በሕይወት ነበሩ።

«በረኪና ይኖርሻል?» አለቻት። ሴትየዋ ግራ እየገባት ጠርሙሱን አቀበለቻት። ክር በምሳ ዕቃዋ ክዳን ቀዳችና ብልቃጧን ከፍታ ደፋችበት። ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ሲያገኘው ቅርፁ ይፈርሳል፣ ምንም መጨበጥ አይችልም። ጥቂት ቆይታ ሁሉንም ሽንት ቤት ውስጥ ለቀቀችው። ስልኩንም ባልዲው ውስጥ ከተተችው።

«ውጭ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

«ባል ነው?»

«ከባልም ይብሳል።»

«እንግዲያው በዕቃ ቤቱ በኩል ውጪ። በሩ አስቸጋሪ ነው፣ በትከሻሽ ግፊው።»

ገፋችው።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክላለች። ሽማግሌው ሞቱ ሲባል አልሰማች፤ ተረፉ ሲባልም አልሰማች። መጠየቅ ራስን ማሳየት ነው። ራሷን እንዳታሳይ ደግሞ እሳቸው አደራ ብለዋታል፤ ምንም ሳይናገሩ።

አንድ እሑድ አከራይዋ ልብስ እያጠቡ ወሬ ጀመሩ።

«ሰው ሲጠይቅሽ አላይም። አባትሽ በሕይወት አሉ?»

መልሱን አጥንታዋለች፦ በልጅነቴ ነው የሞቱት። እንዲህ ያለ ውሸት አፏ ላይ ተደናቅፎ አያውቅም።

«አላውቅም» አለች።

አከራይዋ የቀለደች መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። በዚያች አንዲት ቃል ግን ራሷን አሳይታለች፤ በማግስቱ ክፍሉን ለቀቀች።