የኖላዊ የመጀመሪያ ጉርሻ

ዛሬ ኖላዊ ስድስት ወር ሞላው።
እስከ ዛሬ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም ቀምሶ አያውቅም። ምንም!

«ዛሬ ግን ምግብ ይቀምሳል» አለች እናቱ።
«የመጀመሪያውን የማጎርሰው እኔ ነኝ!» አለች እህቱ ሶስና። «ታላቁ እኔ ነኛ!»

ሶስና ሮጣ ብስኩቷን አመጣች።
አባቷ ሳቀ። «እሱ ላንቺ ይሁን። ለኖላዊ ከጓሯችን እንፈልግለት።»

ከጓሮ አንድ ትልቅ ዱባ ተሸክመው ገቡ። አባቷ ቢላዋውን አሳረፈበት። «ጧ!»
ወይ ጉድ! ውስጡ እንደ ማለዳ ፀሐይ ቢጫ ነው።

ዱባው ታጠበ፣ ተላጠ፣ ድስት ውስጥ ገባ። «ቡልቅ! ቡልቅ! ቡልቅ!»
አባቷ ደፍጥጦ አላመው። እናቷ ከጡቷ ወተት ጠብ አደረገችበት።

«ጨውስ?» አለች ሶስና።
«አይገባበትም» አለች እናቷ።
«በርበሬስ?»
«ኧረ በስመ አብ!»

ሶስና በጣቷ ቀመሰች። «ይጣፍጣል! ማነው ስኳር የጨመረው?»
«እኔ አይደለሁም» አለች እናቷ።
«እኔም አይደለሁም» አለ አባቷ።
ሶስና ድስቱን አፍጥጣ አየችው። ዱባው ራሱ ነው!

እነሶስና ቤት የሚወዱትን ሰው በትልቁ ነው የሚያጎርሱት። ሶስና ደግሞ ኖላዊን በጣም ትወደዋለች።
ስለዚህ ማንኪያውን ተራራ አሳከለችው።

«እንካ፣ በሞቴ!»
ኖላዊ አፉን ግጥም!

«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!»
ኖላዊ አፉን ግጥም! ጭራሽ ፊቱንም አዞረ።

ሶስና እንባዋ መጣ። «አይወደኝም!»

«ይወድሻል፣ የኔ እመቤት» አለ አባቷ። «ያንቺ ጉርሻ በእኔ አፍ ልክ የተሰፋ ነው። እስቲ የእሱን አፍ እዪው።»
ሶስና አየችው። ከሸሚዟ ቁልፍ አይበልጥም!

በማንኪያው ጫፍ ምስር የምታክል አነሳች።
ጠበቀች። ጠበቀች። ጠበቀች።

ኖላዊ አፉን… ከፈት!

ሶስና ቀስ ብላ አጎረሰችው።
የኖላዊ ዓይኖች ፈጠጡ። ምላሱን አወጣ። አስገባ። አሰበ።

«ም… ም… ም!» ወደ ማንኪያው ተንጠራራ።
አባቷ በመገረም እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሲመሻሽ ኖላዊ አገጩ ቢጫ እንደሆነ ጡቱን ጠብቶ እንቅልፍ ወሰደው።

«አባዬ» አለች ሶስና በሹክሹክታ፣ «ሙዝን አያውቅም?»
«አያውቅም።»
«ፓፓያንም?»
«ፓፓያንም።»
«ማንጎንም?»
«ማንጎንም፣ የኔ ልጅ። ገና ነው።»

ሶስና የተኛውን ወንድሟን ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።
«ውይ» አለች፣ «ታድሎ!»