የትርንጎ ድርሻ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ግንበኛ ነኝ፣ ልቤ ደረቅ ነው፣ ግድግዳ ሲንቋቋ ብሰማ መጀመሪያ የማስበው ምስጥ ነው፣ «አየሁ፣ ሰማሁ» የሚል ሰው ሲመጣም ከመሳቅ አልመለስም ነበር። እስቲ ይህችን ስሙኝና እናንተው ፍረዱኝ።

ከወረታ ወጣ ብላ ሜዳው ላይ ያለችው የአጥቢያችን ማርያም አሮጌ ናት፣ ክብ፣ የጭቃ፣ ቆርቆሮዋ ኋላ የመጣ። የኛ ሜዳ እንደምታውቁት ለቤት የሚሆን እንጨት የለው፣ ጥዱን ከጣራ ገዳም በኩል በትከሻ ተሸክመው አምጥተው ነው አሉ ያቆሟት፣ ግድግዳውን ደግሞ የአጥቢያው ቤተሰብ ሁሉ ተካፍሎ መረገው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የየቤቱ ሴቶች የየድርሻቸውን በውጭ በኩል ይለስናሉ፣ ሲጨርሱም ከግርጌው መዳፋቸውን ያትማሉ። የሌላውን ድርሻ የሚነካ የለም፣ ዘሩ ያለቀበት ቤት ድርሻ እንደተሰነጠቀ ይቀራል።

የኛን እናቴ ትለስን ነበር፣ እሷ ስታርፍ እህቴ ትርንጎ ተካቻት። ትርንጎ በመተማ አድርጋ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ብላ ከወጣች በኋላ ግን ድምጿ ጠፋ፣ ድርሻችንም ተሰነጣጠቀ። አባቴ ስንት ዓመት በር በር ሲያዩ ኖሩ፣ በመጨረሻ ዘመድ ለምኗቸው እርሟን ለማውጣት እሺ አሉ። ልቤ ቢያዝንም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ሰው አልቅሶ ካልወጣለት እንዴት ይኖራል?

አዲስ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ስለታሰበ አሮጌዋን የማፍረሱ ሥራ የኔ ሆነ። ታቦቱ ለጊዜው ወደተሠራለት መቃኞ ገብቷል። ለቅሶው እሁድ፣ ማፍረሱ ሰኞ ነው፣ እኔ ቅዳሜ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት የሚተርፈውን እንጨት ልለይ ብቻዬን ሄድኩ።

ጧ አለ። ቆየና ደግሞ ጧ፣ ከዚያ መዳፍ ሲያለሰልስ ሸር ሸር ይላል። እመኑኝ፣ ይህን ድምፅ አላጣውም፣ እርጥብ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲመታ ነው። በጋ ነው እኮ፣ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ተሰንጥቋል፣ ጭቃ ከየት ይመጣል? ግድግዳውን ይዤ ዞርኩ፣ ድምፁ ከፊቴ ነው፣ ፈጠን አልኩ፣ አሁንም ከፊቴ ነው፣ ልቅደመው ብዬ ወደኋላ ብመለስ በዚያም በኩል ከፊቴ ሆነ። ክብ ቤት ማዕዘን የለው፣ ከጥምዝምዙ ወዲያ ማን እንዳለ አይታይም። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ድርሻችን ጋ ስደርስ ከላይ እስከ ታች ተለስኗል፣ የጭዱ ሽታ ገና አልለቀቀውም፣ ውሃው ይንጠባጠባል። ከግርጌው የግራ እጅ መዳፍ አለ፣ ትንሿ ጣት ጎራዳ ናት። ትርንጎ ልጅ ሆና ሩዝ ስናጭድ ማጭድ የቆረጣት እሷኑ ጣት ነው።

ቄሰ ገበዙ በሩን ሊዘጉ ሲመጡ ጠራኋቸው።

«አንተ ነህ የለሰንኸው?» አሉኝ።

«እጄን ይዩት፣ ደረቅ ነው።»

አዩት፣ አማተቡ። «ሂድ አባትህን አምጣ» አሉ።

አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፣ መርቼ አመጣኋቸው። ተንበርክከው መዳፉን ዳበሱት፣ ጎራዳዋ ጣት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ትርንጎዬ ናት» አሉ።

«አባዬ፣ ነገ እኮ ለቅሶ ነው፣ ሰው ተጠርቷል።»

«የምን ለቅሶ! በሕይወት ላለ ሰው እርም ይወጣል እንዴ?»

ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድርሻዋ ሊፈርስ ነው ብላ ነፍሷ ልትሰናበት መጥታ ቢሆንስ?» አሉ።

ለቅሶው ቀረ፣ ከሐሙሲት ድረስ የመጣ ዘመድ እያጉረመረመ ተመለሰ። ሰኞ ድርሻችንን ራሴ አፈረስኩት፣ ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልኩም።

አባቴ አሁን በሩን ሳይቀረቅሩ ነው የሚተኙት፣ «ስትመጣ ውጭ እንዳትቆም» ይላሉ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው እኔ ቀስ ብዬ ተነስቼ እቀረቅረዋለሁ። እህቴን እወዳታለሁ፣ እግዜር ያውቃል፣ ግን የምትመጣው ምን ሆና እንደሆነ አላውቅም።