የአርተር ፔንድል የግራ እጅ

አርተር ፔንድል ሞቶ የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ ከሰቨንቲን አቬኑ ጀርባ ባለው ኳስ ሜዳ፣ በግብ ሥር ነው። ከአርባ አምስት ዓመት ዕድሜው ሃያ ስምንቱን ያሳለፈው ግብ ሥር ቆሞ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆች 1986፣ ሴፕቴምበር ማለቂያ ላይ ነው፤ የካናዳዋ ካልጋሪ የመጀመሪያውን ውርጭ አይታለች። እንግሊዛዊው በረኛ በጀርባው ተዘርግቷል። ማጅራቱ ላይ ደም ረግቷል፤ ሁለቱም እጆቹ ጓንት አጥልቀዋል፤ አንዲት ኳስ እግሩ ሥር ተቀምጣለች።

«ልምምድ ላይ ተንሸራቶ ከቋሚው ጋር ተላትሟል» አለ ፖሊሱ፤ ደብተሩንም ሊያጥፍ ቃጣው።

አስከሬኑን ያገኘው የስጋ ፋብሪካ ሠራተኛው የማነ ነበር፤ አርተር የሚጫወትበት የሐበሻ ስደተኞች ቡድን ተጠባባቂ በረኛ። ከፖሊስ ቀጥሎ የደወለው ለሻምበል ወልደየስ ነው። ሻምበሉ አዲስ አበባ ዐሥራ ስምንት ዓመት ወንጀል መርምረዋል። አሁን ዳውንታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ ሥር መኪና ፓርክ ያስደርጋሉ።

ሻምበሉ ከአስከሬኑ በፊት ኳሷን አዩ። አጎንብሰው በጣታቸው ዳበሷት። ሳሩ በውርጭ ርሷል፤ ኳሷ ግን ከሥሯ በቀር ደረቅ ናት። የአስከሬን ሐኪሙ ጓንቱን ሲያወልቅ የቀኙ በቀላሉ ወጣ፤ የግራው ተያዘ። ስፌቱ ትንሿ ጣት ላይ ተተርትሯል። ጣቲቱ ራሷ ወደ ውጭ ተጣማ ቀርታለች።

«ይህች ጣት ምን ሆና ነው?» አሉ ሻምበሉ።

«በሃያ ሁለት ዓመቱ ተሰብራ በወጉ አልተጠገነችም» አለ የማነ። «ሁልጊዜ ከቀለበት ጣቱ ጋር በፕላስተር ታስራ ነው ጓንት የሚያጠልቀው። በአንድ እጅ ማሰር ስለማይመቸው እኔ ነኝ የማስርለት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልጠራኝም።»

«ቦታውን ትመኝ ነበር ይባላል።»

የማነ አቀረቀረ። «ተመኝቻለሁ፣ ሻምበል። ቶሎ እንዲያረጅልኝ ጸልያለሁ። እግዜር የሰማኝ መስሎኝ ከጠዋት ጀምሮ ጸሎቴን መልስልኝ እያልኩት ነው።»

አርተር የሚኖረው እትዬ ገኒ ቤት፣ ቤዝመንት ተከራይቶ ነበር። ሻምበሉ ሲደርሱ እትዬ ገኒ ከግድግዳው የወረደ የቡድን ፎቶ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ ጨዋታ ተጫውቷል» አሉ። «አራት ክለብ፣ ሁሉም ሁለተኛና ሦስተኛ ዲቪዚዮን። አንድ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ዘጠና ደቂቃ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመለሰ። በዚያ ይስቅ ነበር። የማይስቅበት ሌላ ነው። በፈረንጆች ሰባ አንድ አንድ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቂ ላይ ወድቆ ጉልበቱን ሰበረው። ያ ልጅ ሁለተኛ አልተጫወተም። አርተር በየገናው ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር፤ መልስ አልመጣም።»

ከዚያም በፈረንጆች ሰማንያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሚጫወት አንድ የእግር ኳስ ቡድን ጋር ካልጋሪ መጣ፤ ቡድኑ በዓመቱ ተበተነ። አርተር ግን ቀረ፤ ትምህርት ቤት እያጸዳ ስደተኞቹን አሠለጠነ። ከሁለት ሳምንት በፊት ልምምድ ላይ ከግብ ሲወጣ የቡድኑን አጥቂ ሳሙኤልን እግሩን ሰበረው። ሳሙኤል ኤድመንተን ለሚገኝ የፕሮፌሽናሎች ቡድን ሊፈተን ቀን ተቆርጦለት ነበር።

«ትናንት ‹በምን ዓይንህ ነው ሜዳ የምትወጣው?› አልኩት» አሉ እትዬ ገኒ። «ዛሬ ቁርሱን ሳይቀምስ ወጣ። ያን ፕላስተሩን እንኳ ገዝቼ የጓንቱ ቦርሳ ኪስ ውስጥ የምከትለት እኔ ነበርኩ።»

ሻምበሉ ያነጋገሩት ሦስተኛው ሰው የሳሙኤል ታላቅ ወንድም፣ የቡድኑ አምበልና ተከላካይ፣ የታክሲ ሾፌሩ ርእሶም ነበር።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሺፍት ላይ። ኤርፖርት።»

«አርተር ጓንት ሲያጠልቅ አይተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ ከታክሲ ወርጄ ስደርስ ልምምድ ተጀምሮ ነው፣ ጋሼ። ተከላካይ ደግሞ ለበረኛው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው። የአርተርን ድምፁን እንጂ እጁን አላውቀውም።»

ሻምበሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጠየቁም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እትዬ ገኒ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሳሙኤል በጄሶ የታሸገ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቷል።

«አርተር ዛሬ ልምምድ አልሠራም» ብለው ጀመሩ ሻምበል ወልደየስ። «እርጥብ ሳር ላይ የተንከባለለች ኳስ ዙሪያዋን ትርሳለች። ያቺ ኳስ በእጅ የተቀመጠች ናት። ልምምድ ካልሠራ ጓንቱ ምን ያደርግለታል? ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አጠለቀለት።»

«ራሱ አጥልቆትስ ቢሆን?» አለ የማነ።

«ጣቱ አልታሰረችም። ሃያ ሦስት ዓመት ሳያስራት ጓንት ያላጠለቀ ሰው ዛሬ ስፌት እስኪተረተር አይገፋትም። ጓንቱ የሚቀመጥበት የሜዳው ዕቃ ክፍል ቁልፍ ከአርተር ሌላ ያለው ሦስታችሁ ጋ ነው፤ አንተ፣ እትዬ ገኒና ርእሶም ጋ። አንተ የማነ፣ ጣቷን በእጅህ ታስር ነበር። እትዬ ገኒ ፕላስተሩን ይገዙ ነበር። ፕላስተሩ ደግሞ ከጓንቱ ጋር በአንድ የቦርሳ ኪስ ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም አብሮ ያወጣል። ይህ ሰው ጓንቱን አውጥቶ ፕላስተሩን እዚያው ትቶታል፤ ሄጄ አይቻለሁ። ፕላስተሩ ምን እንደሚሠራ አያውቅም።»

ርእሶም የታክሲ ኮፍያውን በጣቶቹ መካከል ሲያሽከረክር ቆየና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ልምምድ ሳይጀመር ላናግርህ ብሎ ኮል አደረገልኝ» አለ። «ሶሪ አለኝ። እኔ ሶሪ አልፈለግኩም። ደረቱን ገፋሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። የግቡ ብረት ሲጮህ ሰማሁ። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ከዚያ… ሰው ልምምድ ላይ የሞተ ይምሰለው ብዬ… እጁ አሁንም ይሞቅ ነበር፣ ጋሼ። ያቺ ጣት አልገባ ስትለኝ ይቅር በለኝ እያልኩ ነው የገፋኋት።»

እትዬ ገኒ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሳሙኤል ነበር የተናገረው። «ማክሰኞ ሆስፒታል መጥቶ አልጋዬ አጠገብ አለቀሰ። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ርእሶም። እጁን ጨብጬ ነው ይቅር ያልኩት።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ተናድደህ ነበር። ሲበርድለት እነግረዋለሁ ብዬ… ነገ፣ ነገ ስል።»

ሻምበሉ ስልኩን አንስተው ከርእሶም ፊት አስቀመጡት። «ፖሊሱ አደጋ ነው ብሎ ጽፏል» አሉ። «እኔ መደወል እችላለሁ። አንተ ብትደውል ግን ይሻልሃል።»

ርእሶም ደወለ። ስሙን በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ሰው ገድያለሁ አለ። አድራሻውን ሲጠይቁት ግን ስንት ጊዜ ተሳፋሪ ያወረደበትን የዚያን ቤት ቁጥር ማስታወስ አቃተው። እትዬ ገኒ ተነሥተው መነጋገሪያውን ከእጁ ተቀበሉና ነገሩላቸው።