ጋሼ ሸሪፍን ያስበረገገች ቃል

«ጋሼ፣ ነገሩ የደህንነት ነው» አለ ጁነይድ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

የጋሼ ሸሪፍ የሻይ ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ማሾ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ሲያስነጥሱ መንገድ ዳር የተኛ የአይሱዙ ሹፌር ደንግጦ መኪና የሚያስነሣ ነጋዴ፣ ድምፃቸው የትንኝ ሆነ።

«የ... ደህንነት?»

«አዎ። ይኸው፣ ሴኪዩሪቲ ይላል። ለአዲስ አበባው ገዢ የሚልኩትን መልእክት ያገደው እሱ ነው።»

በዚያ ዘመን «ደህንነት» ሲባል ጤንነት ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ትዝ የሚለው ጆሮ ጠቢው ነበር።

«እኔ እኮ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ መብራት መጥፋት ብቻ ነው የተናገርኩት» አሉ ጋሼ ሸሪፍ። «መብራት ጠፋ ማለት መንግሥት ጠፋ ማለት ነው እንዴ? ያ ረቢ!»

ልጃቸው ሩዋይዳ የማሾው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሳቋን አፈነች። ጁነይድ አሁን «ኧረ የኮምፒውተሩን ማለቴ ነው» ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። የክፍል ጓደኛዋ ሰባተኛ ክፍል ሳለ የርእሰ መምህሩን ፕሪንተር ከሳል ፈውሶ «ዶክተር» የተባለ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን ከዶክተርም በላይ የሆነ መሰለው። ደረቱ ከበሩ ሰፋ።

«አይጨነቁ ጋሼ። የማውቃቸው ልጆች አሉ፤ አነጋግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጋሼ ሸሪፍ ስልካቸውን አጥፍተው፣ ባትሪውን ነቅለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ማሾ ውስጥ ቀብረዋል። ኮምፒውተሩን ጋቢ አልብሰውታል። ድመቷ እንኳ አፍጥጣ ስላየቻቸው ተጠርጥራ ከሱቅ ተባርራለች። የሮቢት ሙቀት ደግሞ የዚያን ቀን ዶሮ ቅቅል እንቁላል ያስጥላል፤ መጋዘን ሙሉ ማሾ ተከምሮ ነቀዙ ሠርግ ደግሷል። የአዲስ አበባው ገዢ መልእክት ከጋቢው ሥር በላይ በላዩ ይገባል፦ ዋጋህን በጽሑፍ እስከ ዛሬ ማምሻ ካልላክህ ከሌላ እገዛለሁ። መልስ ግን አይወጣም።

«አባ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄደን እንላከው» አለች ሩዋይዳ።

«እዚያማ! ዋናው ጆሮ ያለው እዚያ አይደል እንዴ!» ብለው ለቀትሩ ዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ወጡ። ሲወጡ ግራ ቀኙን አዩ።

ሩዋይዳ ጋቢውን ገፈፈችና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጁነይድ ማንጎ እየመጠጠ ደረሰ።

«አንቺ፣ ትነኪዋለሽ እንዴ?»

«መልእክት ይገባል፤ አይወጣም። ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል?»

«አቦ አታካብጂ፤ ሴኪዩሪቲ ነው አልኩ አይደል?»

የመልእክት ፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፈተች። ገቢ ሰርቨር፣ ወጪ ሰርቨር። ከገቢው አጠገብ «ኤስኤስኤል» የሚሉት ቁልፍ ተመርጧል፤ ከወጪው አጠገብ «ምንም» ይላል።

«ተመልከት፤ መግቢያው ተቆልፏል፣ መውጫው ወለል ብሏል። ሰርቨሩ ካልቆለፋችሁ አላሳልፍም ነው የሚለው።»

ወጪውንም «ኤስኤስኤል» አደረገችው። ላከች። ያው የስሕተት መስኮት መጣ።

«አየሽ?» አለ ጁነይድ፣ ማንጎው አገጩ ላይ እየወረደ።

ሩዋይዳ ገቢውንና ወጪውን ጎን ለጎን አስተያየች። ቁልፉ ተቀይሯል፤ የበሩ ቁጥር፣ ፖርት የሚሉት፣ ግን የድሮው ሃያ አምስት ነው። 465 ብላ ጻፈች፤ ወጪውም የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ምልክት አደረገች። ለራሷ «ሰላም» ብላ ላከች።

ጥን! ገባ።

ጁነይድ ዘለለ፤ ጣሪያው ካልተነሣ ቆርቆሮው ጠንካራ ስለሆነ ነው። ወዲያው ግን ፊቱ ጠወለገ።

«ሩዊ፣ በአላህ አትናገሪ። ጋሼ ሲመጡ ‹ሰዎቹ ምረውዎታል› እላቸዋለሁ፤ ዋጋውን ይልካሉ፤ ያልቃል። ማን ይጎዳል?»

«ትናንት አባ ለሰዎችህ አንድ ኩንታል ማሾ ልላክላቸው ብሎህ የለ?»

«አይቀበሉም አልኳቸው እኮ!»

«አዎ፤ ጉቦ የማይበሉ ደህንነቶች ናቸው ብሎ ይበልጥ ፈራ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሩዋይዳ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመች። ትናንት ማታ እራት ላይ አባቷ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ትምህርት ቤት ስለ እኔ የጠየቀሽ ሰው አለ?» ብለዋት ነበር። እጃቸው ውስጥ ያለው ጉርሻ ሳይበላ ደርቋል።

ጁነይድም ቢሆን ጠላቷ አይደለም። ባለፈው ክረምት ደብተሯን ሮቢ ወንዝ ሲወስደው ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ ያወጣላት እሱ ነው፤ ሲያወራው ግን ከአዞ መንጋጋ ነው የነጠቀው። እሱ እንዳለው ካደረጉ ዋጋው አሁኑኑ ይሄዳል። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ የአባቷ ቁጣ እስከ ምሽት ላይበርድ፣ ማሾውም ለነቀዝ ሊቀር ይችላል።

ጋሼ ሸሪፍ ገቡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ጋቢው ወለል ላይ መሆኑን አዩ፤ አልተቆጡም፤ ለመቆጣትም ፈርተው ነበር።

«ጁነይድ፣ ምን አሉ ሰዎቹ?»

የጁነይድ አፍ ተከፈተ። ሩዋይዳ ምን ሊል እንደሆነ አወቀች።

«ሰዎች የሉም፣ አባ» አለች።

«ምን?»

«ከመጀመሪያውም አልነበሩም። ፈልጎህ የመጣ ሰው የለም።»

ጋሼ ሸሪፍ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ጁነይድን አዩ። ጁነይድ ወደ በሩ አንድ እግሩን አንሥቷል። ሩዋይዳ እጅጌውን ያዘችና ጆንያው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችው። አልገፋችውም፤ አልለቀቀችውምም።

«ቃሉን የተረጎመልህ እሱ ነው፤ እሱ ይንገርህ። እኔም እዚሁ ነኝ።»

ጁነይድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጋንነው ነገር አጣ።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ... ኮምፒውተሩን ማለቴ ነበር።»