ለባየ የተቀመጠች ጠጠር

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እሳቱን እንካፈለው። በሩ ተዘግቷል? ደግ። በስመ አብ እንበልና እንጀምር፤ የአምላክ ስም ያልተጠራበት ወሬ በጨለማ አይወራም።

ሰዓቱ ዶሮ ሳይጮኽ ነው። ሌሊት እንዳትሉት ሌሊት አይደል፤ ንጋት እንዳትሉት ንጋት አይደል። አገሩ በስተ ሰሜን ነው፣ ደጋ ነው፤ ጥዱና ኮሶው ሰማይ የሚከልል፣ ጉሙ ከዛፍ ዛፍ እንደ ባዘቶ የሚንጠለጠልበት ጫካ አለው። ከመንደሩ ወደዚያ ጫካ አንዲት ቀጭን መንገድ ትወጣለች። በዚያች መንገድ፣ በዚያች ሰዓት፣ አንድ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ብቻውን ይወጣል። አንዳርጌ ይባላል።

ለምን ብቻውን? እሱን ልንገራችሁ።

በዚያ አገር ድኩላ የሚታደነው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ከላይ ከአፋፉ ሆኖ እየጮኸ ይነዳል። ሌላው ከታች ከምንጩ ዳር አድፍጦ ይጠብቃል። አንዳርጌ ጠባቂ ነበር። ነጂው ደግሞ ባየ፣ ጎረቤቱና አብሮ አደጉ። ዓመት በዓመት ለቅበላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ድኩላ ይጥሉና ለሁለት ቤት ይካፈሉታል። ሌላ ጊዜ ሥጋ በቤታቸው አይሸትም፤ ድሆች ናቸው።

ባየ ክረምቱ ላይ ከዚያው አፋፍ ተንሸራቶ ገደል ገባ። አወጡት፣ አልቅሰው ቀበሩት። ሚስቱ የሻረግ ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፣ ብቻዋን ቀረች። አንዳርጌም ቢሆን ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ ከድመቱ በቀር ምድጃው ዳር የሚያዋራው የለም። ቅበላ ሲደርስ ታዲያ፣ "የባየ ድርሻ ዘንድሮም ከቤቱ አይቀርም" ብሎ በልቡ ማለ።

ማለ፤ ግን ማን ይንዳለት? ዓርብ ማታ ፈንቴ ከሚባል ጎረቤቱ ቤት ሄደ። የመንደሩ ወንዶች ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ነገ ማለዳ ድኩላ ልወጣ ነው። ማን ይነዳልኛል?" አለ።

ሁሉም ጠላውን ይጎነጫል።

"አንተ ፈንቴ?"

"እኔማ ወገቤን ያመኛል፣ ወንድምዓለም።"

"ድግስ ሲጠሩህ አያምህም!" አለ አንዱ።

"ወገቤ ድግስ ለምዷል፤ ገደል አልለመደም" አለ ፈንቴ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

"ሥጋው ለየሻረግ ነው መቼም" አለ ሌላው ከጥግ። "ኧረ አንዳርጌ፣ የምታድነው ድኩላዋን ነው ወይስ ባልቴቷን?"

አሁንም ሳቁ። አንዳርጌ አልሳቀም። "የሟች ድርሻ ነው" አለ።

አባ ጫኔ የሚባሉ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ የባየ ሙት ዓመቱ እንኳ አልወጣ። ዘንድሮ ያ ጫካ ይቅርብህ።"

"እሷስ አባ? ቅበላዋን በሽሮ ትቀበለው?"

ሁሉም አቀርቅሮ ዋንጫው ውስጥ ያያል። እናንተ ብትሆኑ ትነሡ ነበር? አትቸኩሉ፤ አሁን እሳት ዳር ናችሁ።

አንዳርጌ እደጅ ወጥቶ ጥቂት ቆመ። የሚከተለው ቢኖር ብሎ ነው። የተከተለው የለም።

ቤቱ ገባ። በዚያ አገር አደን የሚመከረው በአመድ ላይ ነው። የምድጃውን አመድ ዘርግተው ተራራውን፣ አፋፉን፣ ምንጩን በጣት ይሥላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አዳኝ የራሱን ጠጠር አንሥቶ በሚቆምበት ቦታ ያኖራል። ራሱ ነው የሚያኖረው! ለሌላ ሰው ጠጠር አይቀመጥም፤ ለቀረ ሰውማ ጭራሽ። ቦታ የተሰጠው ሰው ይመጣላ!

አንዳርጌ አመዱን ዘረጋ። ተራራውን ሣለ። አንዲት ጠጠር ከምንጩ ዳር አኖረ፤ የራሱ ናት። አፋፉ ባዶ ነው። አየው። ድመቷ ታንቀላፋለች። አፋፉን ደግሞ አየው። ባዶነቱ አንጀቱን በላው። ሁለተኛዋን ጠጠር አነሣና ከአፋፉ ላይ አኖራት።

"አንተ ከላይ ንዳ፣ ባየ። እኔ ከታች አለሁ" አለ።

ለማን ነው ያለው? ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ብሎት ግን ልቡ ቀለለው፣ ተኛም።

እንግዲህ አሁን እዚያች መንገድ ላይ ነው። ውርጩ ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። "እመብርሃን ቅደሚ" ይላል፤ ይሄዳል። ምንጩ ዳር ደረሰ። ኮሶ ሥር አደፈጠ። ነጂ የለውም፤ ድኩላው በራሱ ጊዜ ውሃ ሊጠጣ ቢወርድ ብሎ ነው እንጂ።

ጠበቀ። ምንም የለም። ጠበቀ።

ከላይ፣ ከአፋፉ በኩል፣ አንዲት ድንጋይ ተንከባለለች። ዝንጀሮ ነው አለ። ዝንጀሮ ያለ ጎህ ይወርዳል? አይወርድም። እሱም ያውቃል።

ቀጥሎ ፉጨት ሰማ። ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ፉጨት። እንዲያ የሚያፏጭ አንድ ሰው ነበር፤ የፊት ጥርሱ የጎደለ። አንዳርጌ አማተበ። ጉሙ ወረደ፣ አፋፉን ሸፈነው።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

"ሆይ! አንዳርጌ! ወደ አንተ ወረደ!"

ሰው ቢሆን ይሸሻል፣ አይደለም? ጠመንጃውን ጥሎ ይሮጣል ትላላችሁ። አንዳርጌ አልሮጠም። ፈርቷል፤ ግን ከክረምት ወዲህ ስሙን እንዲያ አድርጎ የጠራው ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንባ ሞላ። በዚያው ዓይኑ ነው ድኩላው ጉሙን ቀዶ ሲወጣ ያየው። ተኮሰ። ድኩላው ከውሃው አፍ ላይ ወደቀ።

አንዳርጌ ቢላውን አውጥቶ ባረከ፣ አረደ። ቀና ሲል ከድኩላው ወዲያ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው። በነጩ ሣር ላይ የመጣበት ዱካ የለም።

"ደህና መታኸው" አለ የተቀመጠው።

"ደህና ነዳኸው" አለ አንዳርጌ። ሌላ ምን ይበል?

"ነገስ የት እንውጣ?"

"ነገ እሑድ ነው። ከዚያ ደግሞ ጾም ይገባል።"

"እኛ ዘንድ እሑድም ጾምም የለም" አለ የተቀመጠው። "ብቻ መቀመጥ ነው። ና፣ ተራውን አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ።"

አንዳርጌ ቢላውን በሣሩ ጠረገ። እሺ ሊል ምን ቀረው! ወደ ማን ይመለሳል? ወደ ድመት ነው? ድርሻው ግን ትዝ አለው፤ የሻረግ ምድጃዋን አንድዳ፣ የባሏን ድርሻ ትጠብቃለች።

"አልችልም ባየ። ይህን ለየሻረግ ላድርስ" አለ።

የተቀመጠው ስሟን ሲሰማ ጋቢው ተነቃነቀ።

"ድኩላው ይከብድሃል" አለ ኋላ። "የኋላውን ልያዝልህ።"

እናንተዬ፣ እዚህ ላይ "በስመ ሥላሴ፣ አይሆንም!" ማለት ነበረበት። አላለም። ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ እንደ ፈቀደ ነው።

ድኩላውን በትከሻው ላይ ጣለ። ከበደው። ሁለት ሦስት ሲራመድ ቀለለው። ዞሮ አላየም። ዞሮ ያላየው ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ቢዞር ባያገኘውስ? ይህን ይፈራል። መንገዱን ሙሉ ያወራለታል። ገብሱን ዋግ እንደመታው ነገረው። ቡላ በሬው ተሰብሮ እንደታረደ ነገረው። ፈንቴ ወገቡን ያመኛል እንዳለ ሲነግረው ከኋላው ሳቅ የሚል ነገር ሰማ። አንዳርጌም ሳቀ። ከክረምት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው።

ጉሙ አብሯቸው መንደር ገባ። የየሻረግ ደጃፍ ደረሰ።

"የሻረግ! ድርሻሽን አምጥቻለሁ!"

በሩ ተከፈተ። የሻረግ ብቅ አለች። ሊስቅላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን እሱን አላየችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ ከኋላው ታያለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ፊቷ እንደ ሙሽራ ፊት በራ።

"ባየ!" አለች። "ምነው እብርድ ላይ ትቆማለህ? ግባ!"

አንዳች ቀዝቃዛ ነገር አንዳርጌን በጎኑ አልፎት ሄደ። ትከሻው ላይ ድኩላው የለም።

በሩ ድርግም!

ገፋው። አልከፈትም አለው። ጆሮውን ለጠፈ። ውስጥ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ያወራሉ። አንዳርጌ ውጭ ነው፤ ብቻውን።

ሲጮኽ መንደሩ መጣ። በሩን ሰበሩት። እሳቱ ይነድዳል፤ ድኩላው ምድጃው ዳር ተጋድሟል፤ ሰው የለም። ከጓሮው በውርጩ ላይ የሴት ዱካ ወደ ጫካው ይወጣል። የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ነው።

ያኔ ሁሉም ወጡ። ወገቤን ያመኛል ያለውም ወጣ፣ ከጥግ ሆኖ የቀለደውም ወጣ፣ አባ ጫኔም በምርኩዛቸው ወጡ። ለአንድ ድኩላ አንድ ሰው ያጣ መንደር፣ ነቅሎ ወጥቶ ጫካውን ሲጠራት ዋለ። የመለሰ የለም። ሲመሽ ብቻ ከአፋፉ ፉጨት ሰሙ፤ ከታች ከምንጩ ዳር ደግሞ የሴት እልልታ።

ነፍሷን ይማር። ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ወደ ታች ሰፈር የምትወርዱ አብራችሁ ውረዱ፣ ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር። ይህን እናቶቻችሁም ነግረዋችኋል። እኔ አንድ ልጨምር፤ "ማን ይነዳልኛል?" ብሎ ደጃችሁ የሚመጣ ሰው ካለ ተነሡ። ወገባችሁን ቢያምም ተነሡ። እናንተ ካልተነሣችሁለት ሌላ ይነሣለታል።