ሁለተኛው ተጫዋች

ላሊበላ ተወልዶ ያደገ ሰው በየድንጋዩ ተአምር ሲነገረው ነው የሚያድገው፣ እኔ ግን እናቴ ትመስክር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «ማን አየ?» ባይ ነበርኩ። የሙት መንፈስ ምናምን ሲባል ለኔ የሥራ ፈት ወሬ ነው፣ ሥራዬም ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ የሚጮህ ነገር ሁሉ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፣ ወይ ሽቦው ላልቷል፣ ወይ ውሃ ገብቶበታል። ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅበት ነበር፣ ስለዚህ ብትስቁብኝም አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አስማረ አብሮ አደጌ ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው፣ እኛ ልጆች ሳለን እዚያ ለወራት የተቀመጠ አንድ ፈረንጅ ሲሄድ አንዲት ኮምፒውተር ትቶላቸው ሄደ፣ ያሁኑ ዓይነት እንዳትመስላችሁ፣ ኪቦርዷ ራሱ ኮምፒውተር የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ፣ ጨዋታዋ በካሴት የሚጫን፣ ካሴቱ ሲዞር ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት የምታሰማ። አስማረና ታላቅ ወንድሙ ሞላ በዚያች ላይ ዱላ ሲማዘዙ ነው ያደጉት። ጨዋታው ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ። ሞላ ሁልጊዜ ቢጫው ነበር፣ ሁልጊዜም እሱ ነው የሚያሸንፈው፣ ቁጢጥ ይልና እግር ይመታል፣ ከዚያ ብድግ ብሎ እጅ።

ሞላ ጋሸና ላይ ተገደለ። መኪና ማቆሚያው ጋ ከአንድ የዚያው የጋሸና ሾፌር ጋር ተጣላና ሰውዬው በጎማ መፍቻ ብረት ጭንቅላቱን አለው፣ ከወደቀም በኋላ አልተወውም፣ እጁ እስኪዝል ቀጠቀጠው። ሬሳውን ያጠብነው እኔና አስማረ ነን፣ ፊቱን ሸፍነን ለእናቱ እንኳ አላሳየናትም። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ዘመዶቹ ሽማግሌ ላኩ፣ የነአስማረ የንስሐ አባት መምሬ ካሳም ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሱ አስማረን ለመኑት፣ በመጨረሻ እሺ አለ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ ሊወድቅ፣ ደም ሊደርቅ ቀን ተቆረጠ።

የዕርቁ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አስማረ ሱቄ መጣ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ እሱ ጋቢውን እንደተከናነበ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። አሮጌዋ ኮምፒውተር ከሞተች ቆይታለች፣ ካሴቱን ግን ድምፁን ቀድቼ ላፕቶፔ ውስጥ አስገብቼው ነበር፣ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፣ አዲሱን ላፕቶፕ ልክ እንደ ድሮዋ ኮምፒውተር ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ፣ እንዲህ ያሉ ያረጁ ጨዋታዎችን ማስነሳት ደግሞ ሱሴ ነው። ሐሳቡን ላስረሳው ብዬ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ ከፈትኩለት።

«ይቺን ታውቃታለህ?» አልኩት።

«ላሊበላን! ከየት አመጣሃት?» ብሎ ሳቀ፣ «ነጩ እኔ ነኝ።»

የመጫወቻው እጀታ፣ ጆይስቲክ የሚሉት፣ ያለኝ አንድ ነው፣ ሰጠሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በዚህ ጨዋታ ኮምፒውተሩ አይገጥምህም፣ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ቢጫው ዝም ብሎ ቆሞ ይደበደባል እንጂ እጁን አያነሳም። አስማረ መታው፣ ቢጫው ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ መታው። ከዚያ ቢጫው ቁጢጥ አለ።

ቁልፍ ተጣብቆ ይሆናል ብዬ ኪቦርዱን አየሁት፣ ምንም የለም። ቢጫው ነጩን እግሩን መታው፣ ብድግ ብሎ እጁን መታው፣ ነጩ ተዘረረ።

«አንተ ነህ?» አለኝ አስማረ።

«እጄን አታየውም? ምንም አልነካሁ።»

ፊቱ እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ! «አያ ሞላ!» አለ፣ እንደ ሕፃን። «የሱ አመታት ነው እኮ! አያ ሞላ ነው!» እየሳቀ ገጠመው፣ እየሳቀ ተሸነፈ፣ እኔም እመኑኝ፣ ያን ጊዜ አልፈራሁም፣ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብዬ ነው ያሰብኩት።

ቢጫው ግን አላቆመም። ነጩ ወድቆ ሳይነሳ ይመታዋል፣ በዚያ ጨዋታ ደግሞ የወደቀ ሰው አይመታም፣ ተሠርቶ የመጣው እንዲያ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል ዱላው። ድምፁ እየወፈረ መጣ፣ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣ ሳይሆን ጎረቤት ሥጋ በመጥረቢያ የሚከተክት መሰለኝ። አስማረ መሳቁን ተወ። በአፍንጫው ደም ወረደ።

«አያ ሞላ፣ ተው» አለ።

ጆይስቲኩን ነቀልኩት። ጠቅ። አስማረ ጉልበቱን ይዞ ከወንበሩ ወደቀ። ዘሎ ተነሳና ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ዱላውን አንሥቶ ቴሌቪዥኑን አንድ ጊዜ ሲለው መስታወቱ ረገፈ፣ ልይዘው ስል እኔንም ግንባሬን ፈነከተኝ፣ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በዳበሳ ላፕቶፑን አግኝቼ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፣ ሶኬቱንም ነቀልኩ። ድምፁ ቀጠለ። ከየት እንደሚመጣ አልነግራችሁም፣ አላውቀውማ! አስማረ መደርደሪያው ሥር ተጠቅልሎ በእጁ ራሱን ይከላከላል፣ ለጥገና የከፈትኳቸው ራዲዮዎች እላዩ ላይ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ቀኝ እጁ ላይ አንድ ነገር ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። ያኔ ሁሉም ጸጥ አለ፣ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ጎረቤቴ ሻይ ሻጯ ሰናይት ሮጣ ገባች። «በስመ አብ! ምን አደረግኸው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ከተማው የአስማረን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ ይላል፣ ምን ብዬ ላስተባብል?

ሐኪም ቤት ወስጄው እጁ በጀሶ ታሰረ፣ በማግሥቱ ያንኑ እጁን አንግቦ ዕርቁ ቦታ ሄደ። ገዳዩ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ መጣና እግሩ ላይ ተደፋ። አስማረ ለረጅም ጊዜ አየው። መምሬ ካሳ «ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር በለው» አሉት። በግራ እጁ አነሣው፣ «ይቅር» አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ፣ ሽጉጥ።

«ሲደፋ ማጅራቱን ልለው ነበር» አለኝ። «በግራ እጄ እንዳልስት ፈራሁ።»

«ሞላ ነው ያዳነህ!» አልኩት። «በሰው ነፍስ እንዳትጠየቅ ብሎ ነው የሰበረህ።»

አስማረ እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ። «አያ ሞላ ስለ ሽጉጡ ምን ያውቃል? የመታኝ ልታረቅ የምሄድ መስሎት ነው።»

እኔ የምለውን አልተውኩም፣ እሱም የሚለውን። ጀሶው ከተፈታ በኋላ አንድ ጠዋት መጣ፣ ቀኝ እጁን እየጨበጠ እየዘረጋ፣ «ክፈትልኝ፣ ሰውዬው ጋ ልሂድ ወይ ብዬ ልጠይቀው» አለኝ። እምቢ አልኩ፣ ለመነኝ፣ የእናቱን ስም ጠርቶ ለመነኝ፣ ከፈትኩለት። ለምን እንደከፈትኩለት አትጠይቁኝ።

ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ቢጫው ቆሟል። አስማረ መታው፣ ወደቀ፣ ተነሳ። መታው፣ ወደቀ። ጠበቅን፣ እጁን አላነሳም፣ ቁጢጥም አላለም፣ ዝም ብሎ ይደበደባል። አስማረ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ ፊቱ ላይ ዓመታት የተጫነው ነገር የወረደ ይመስል ነበር።

«አየህ?» አለኝ። «ፈቀደልኝ።»

«አስማረ፣ ጨዋታው እንደዚህ ነው የተሠራው! ድሮም ትክክሉ ይኼ ነው!»

አልሰማኝም፣ ወጣ። ልከተለው ብድግ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ወደቀ፣ ቢጫው ከወደቀበት ተነሥቷል፣ ፊቱን ወደ በሩ በኩል አዙሮ መሄድ ጀመረ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጣና ነጩ ብቻውን ቀረ። በዚያ ጨዋታ ከሜዳው መውጫ የለም።

መናኸሪያ ስደርስ የጋሸናው ሚኒባስ ሄዷል። ደወልኩ፣ ወዲያው አነሳው፣ ሞተሩ ያጓራል።

«አስማረ፣ በመድኃኔዓለም ተመለስ! ብቻህን ሄደህ ምን ልታደርግ ነው?»

«አትስጋ» አለኝ፣ «ብቻዬን አይደለሁም።»